እራፊ እንጂ ቡትቶ አይደለም

የተለበለበ ተርኒፕ ሽታ ነበር። ያን ድንጋይ የመሰለ ሥር የዲምፍናና የታናሽ እኅቷ እናት በማንኪያ ፈልፍላ፣ ፈልፍላ፣ እጇ እስኪላጥ ፈልፍላ ሆዱን ባዶ ካስቀረችው በኋላ ዐይንና ጥርስ ታወጣለትና ውስጡ የሻማ ቁራጭ ታበራበታለች። ክዳኑን ስትገጥምበት ነበልባሉ ከሥር ይልሰዋል። ጥቂት ቆይቶ ግማሹ የጎመን፣ ግማሹ ያረረ ስኳር የሚመስል ሽታ ተነሥቶ ቤቱን፣ ደረጃውን፣ የልጆቹን ፀጉር ሳይቀር ይይዘዋል። ዲምፍና ጊሌስፒ ዘንድሮ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱን አሽትታለች፤ የማሽን ዘይት፣ የካውያ እንፋሎት፣ ገና ከጥቅሉ ያልተፈታ የሸሚዝ ጨርቅ። ሃሎዊን፣ ያ የጭምብልና የጣረሞት በዓል፣ በደረሰ ቁጥር ግን አፍንጫዋ ሌላውን ሁሉ ጥሎ ወደዚያች ጠባብ ወጥ ቤት ይመልሳታል።

ቤቱ ሰሜን አየርላንድ፣ ደሪ ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ ሽቅብ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። ዳገቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ብርቱካን ከእጅ ካመለጠ የሚገኘው ወንዝ ዳር ነው እየተባለ ይቀለድበታል። አባታቸው ሥራ ፍለጋ እንግሊዝ አገር ከርሞ ለገናና ለፋሲካ ብቅ የሚል ሰው ነበርና ቤቱን የያዘችው እናታቸው ናት፤ ከሸሚዝ ፋብሪካው ኮሌታ በጥቅል እያመጣች እቤቷ ትሰፋለች። ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ ዲምፍናና በሁለት ዓመት የምታንሳት አሳምፕታ።

ለሃሎዊን እናታቸው ብራክ ትጋግራለች፤ ዘቢቡ በሻይ ርሶ ያደረ ክብ ዳቦ ነው። ሊጡ ውስጥ አንድ ቀለበትና አንድ ቁራጭ ጨርቅ ትደብቃለች። ሲቆረስ ቀለበቱ የደረሳት ታገባለች፤ ጨርቁ የደረሳት ደኻ ሆና ትኖራለች። ጨዋታ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ቢሆንም ሁሉም ቁራሹን በጣቱ እየዳሰሰ፣ ልቡ እየመታ ነው የሚበላው።

አሳምፕታ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ጨርቁ ደረሳት። በዚያን ዕለት ብራክ ሊበሉ የመጡት የጎረቤት ልጆች ቤቱን በጩኸት አፈረሱት።

«ቡትቶ! አሳምፕታ ቡትቶ ደረሳት!»

«ቡትቶ፣ ቡትቶ፣ ጫማሽ የት ገባ?»

ልጅቷ ጠረጴዛው ሥር ገብታ አለቀሰች። እናቷ ጎትታ አላወጣቻትም። ልጆቹን ወደየቤታቸው ከሸኘች በኋላ ሽርጧን ሰብሰብ አድርጋ እሷም ጠረጴዛው ሥር ገባች።

«ምን ደረሰሽ?»

«ቡትቶ።»

«ማነው ያለሽ? ቡትቶ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም። እስቲ አሳዪኝ… ይሄማ እራፊ ነው! ቡትቶ የሚጣል ነው፤ እራፊ ገና የሚሠራበት ነው። ዲምፍና፣ መቀሱን አቀብዪኝ!»

ዘቢብ የተጣበቀበትን ጨርቅ አራግፋ ሁለት አጠፈችው። ሳትለካ፣ ሳትስል፣ መቀሱን አንድ ጊዜ ብቻ አዙራ አወጣችው። ሲዘረጋ ሁለት ጣረሞት ሆነ፤ ራሳቸውን ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያደረጉ፣ የሚያስፈሩ ሳይሆን አንድ ነገር ጠፍቷቸው የሚፈልጉ የሚመስሉ። ከሸሚዝ ማሸጊያ በተቀደደ ካርቶን ላይ ለየብቻ ሰፋቻቸውና «አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የእኅትሽ» አለች። በዚያ ቤት የተሠራው የመጀመሪያው የሃሎዊን ካርድ ይኸው ነው።

ዲምፍና ከዚያ ዕለት ይዛ የቀረችው ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠችውን እናቷን ነው። አሳምፕታ ይዛ የቀረችው ግን የተከተሉትን የብርድ ወራት ነው። በትምህርት ቤቱ በር፣ በዳቦ ቤቱ ሰልፍ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ስሟ ቡትቶ ሆኖ ከረመ። ሁለቱ እኅትማማቾች ከአንድ ጨርቅ ሁለት ነገር ማስታወሳቸውን ያወቁት ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

በዚያ ዘመን ጭምብል አጥልቆ በየቤቱ መዞር የልጆች ብቻ አልነበረም። ወንዱ የሴት ቀሚስ፣ ሴቷ የባሏን ካፖርት ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ጎረቤት ይገባሉ። ሕጉ የታወቀ ነው። ጭምብል ያጠለቀ አይናገርም፤ ማን እንደሆነ መገመት የባለቤቱ ፋንታ ነው። ስሙ በትክክል ከተጠራ ጭምብሉን ያወልቃል። ካልተጠራ የሚሰጠውን ፖምና ለውዝ ተቀብሎ ዝም እንዳለ ይወጣል። ደኅና እደሩም አይልም፤ ድምፁ ያሳብቅበታላ።

ሁለቱም በአሥራ አምስት ዓመታቸው ፋብሪካ ገቡ። ዲምፍና ኮሌታ ላይ፣ አሳምፕታ የቁልፍ ቀዳዳ ላይ ተመደቡ። አሳምፕታ ያልተዘመዘመ ጠርዝ ማየት ያማታል ይባል ነበር። የሻይ ፎጣ፣ የአሻንጉሊት ካባ፣ የዳቦ ከረጢት፣ ምንም ይሁን ምን፣ የተቆረጠ ነገር እጇ ከገባ ዙሪያውን በዚያ ጥቅጥቅ ባለ የቁልፍ ቀዳዳ ስፌቷ ሳታስረው አትለቀውም።

«አሳምፕታ፣ አፍንጫዬን አትዘምዝሚልኝም? ጠርዙ እየተተረተረ ነው» ይሏታል ሴቶቹ ጉንፋን ሲይዛቸው።

«መጀመሪያ አፍሽን ልስፋው» ትላለች እሷ፣ ቀና ሳትል።

ዲምፍና ደግሞ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ጀምራ ካርድ ትሠራ ነበር። በእሷ ረድፍ ለተቀመጡት ለአሥራ ስምንቱ ሴቶች፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ። ከሱቅ የምትገዛው ነገር ቴምብርና ሙጫ ብቻ ነው። የተበላሸ ኮሌታ ገልብጣ የጠንቋይ ባርኔጣ ታደርገዋለች። ጥቁር ገበር የሌሊት ወፍ ይሆናል፤ የሸሚዝ ቁልፍ ጨረቃ ይሆናል፤ የቸኮላት ወረቀት ኮከብ፤ የአሮጌ ብሩሽ ፀጉር የጠንቋይዋ መጥረጊያ። ከጨርቅ ጫፍ የተመዘዘ ክር በሙጫ ሲዘረጋ ሸረሪት እንኳ የሚሳሳትበት ድር ይወጣዋል። አንድ ዓመት የአለቃቸውን መነጽር ያጠለቀ ተርኒፕ ሠርታ ነበር። አለቃው ካርዱን አየው፣ ዞር ዞር አድርጎ አየው፣ «ጥርሱ የኔ አይደለም» ብሎ መለሰላት።

ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት እያንዳንዷ ሴት የማስታወሻ ነገር ይዛ ወጣች። አንዷ መቀሷን፣ አንዷ ወንበሯን፣ አንዷ የግድግዳውን ሰዓት በካፖርቷ ሥር። ዲምፍና የወሰደችው አንድ ጆንያ እራፊ ነው። ዳገቱን በጀርባዋ ተሸክማው ስትወጣ ሬሳ የምትሸሽግ ትመስል ነበር እያሉ እስካሁን ይሥቁባታል። እሷ ግን ከዚያች ጆንያ ዓመት በዓመት እየመዘዘች ለነዚያው ሴቶች ካርድ መላኳን አላቋረጠችም፤ የሚላክላቸው ቁጥር እያነሰ ሄደ እንጂ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ነገር እንዲህ ነው። አሳምፕታ ባሏ ከሞተ በኋላ ልብስ የምታጠብብበትና የምታስረዝምበት ትንሽ ሱቅ ከፍታ ነበር። ሱቁ እየሞተባት መሆኑን ለማንም አልተናገረችም። ዲምፍና ደግሞ በዚያው መስከረም ከሣጥን ሥር የእናታቸውን ሽርጥ አገኘች፤ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበትን፣ ያንኑ ጠረጴዛ ሥር የገባውን። ከጫፉ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ቆረጠች። ካርዱን በብራክ ቅርጽ አዘጋጅታ፣ ሲከፈት ጨርቋ ብቅ እንድትል አድርጋ ውስጡ ሰፋቻት። ከሥሩም አንድ ቃል ጻፈች፤ «ደረሰሽ!»

ስትጽፈው ብቻዋን ትሥቅ ነበር። እማዬን አገኘሁልሽ ማለቷ ነው። ስልሳ ዓመት ብራክ ስትበላ የኖረች ሴት፣ በብራክ ውስጥ ጨርቅ ምን ማለት እንደሆነ በዚያች ሰዓት ፈጽሞ አልታወሳትም። አርባ ዓመት ሙሉ ጨርቅ በእጇ ሲያልፍ ውሏልና ለእሷ ጨርቅ ጨርቅ ነው።

አሳምፕታ ካርዱን ይዛ በእኩለ ቀን መጣች። ካፖርቷን አላወለቀችም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ካርድሽ ነዋ! ወደድሽው?»

«ደረሰሽ ትዪኛለሽ?»

«አዎ፣ የእማዬ እኮ…»

«ሱቁን ዛሬ ጠዋት ዘግቼ ነው የመጣሁት። ቁልፉ ይኸው። ማን ነገረሽ?»

«ምኑን ነው የሚነግረኝ? ምን ሱቅ?»

«አትሣቂ።»

«መቼ ሣቅሁ? አሳምፕታ፣ ጨርቁን እዪው እንጂ፣ ይሄ እኮ…»

«ቡትቶ ነው። ስሙን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ስጠራበት ከርሜአለሁ።»

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። «ደኅና ሁኚ፣ ዲምፍና» አለች።

ከሁሉም የበለጠ ያቺ ቃል ናት የቆረጠቻት። እነሱ ቤት እኮ ደኅና ሁኚ ተባብለው አያውቁም። አንዷ ከአንዷ ወጥ ቤት ስትወጣ ወሬዋን በመኻል ትታ ትሄዳለች፤ በማግስቱ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ደኅና ሁኑ የሚባለው ለቄሱና ቆጣሪ ለሚያነበው ሰውዬ ነው።

ዲምፍና ሁለት ጊዜ እኅቷ ቤት ሄዳ አንኳኩታለች። ሁለቱንም ጊዜ መጋረጃው ተነቃነቀ እንጂ በሩ አልተከፈተም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ ሆነው አንገታቸውን ነቅነቅ ከማድረግ በቀር ሌላ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ዲምፍና በየዓመቱ ለእኅቷ ካርድ ሠርታ፣ ፖስታው ላይ ስሟን ጽፋ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታኖረዋለች። ስምንት ዓመት፣ ስምንት ካርድ። ከሠራቻቸው ሁሉ የሚያምሩት እነዚያ ናቸው፤ ማንም አላያቸውም።

ዘንድሮ ደግሞ ጣቶቿ ከዷት። መገጣጠሚያዎቿ የለውዝ ፍሬ መስለው አበጡ። ሙጫ መቀባት አላቃታትም፤ መቀስ ሲሆን ግን ገና ሁለት ጊዜ ሳትቆርጥ ከእጇ ይወድቃል። ሃሎዊን ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ወለሉ ላይ እራፊ ተበትኖ፣ ጠረጴዛው ላይ የተንጋደደ የሌሊት ወፍ ተቀምጦ ሳለ ማላኪ ገባ። ማላኪ ፖስተኛ ነው። እናቱ በዲምፍና ረድፍ ትሰፋ ነበር። እናቱ ከሞተች ወዲህም «የእናቴን ካርድ ለኔ» እያለ በየዓመቱ ይቀበላል።

«እሜቴ ዲምፍና፣ በግ ሲሸልቱ ነው የዋሉት?»

«ግባና በሩን ዝጋ፤ ጣረሞቶቼን ነፋስ ወሰዳቸው።»

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ድመት ናት ወይስ ጳጳሱ?»

«የሌሊት ወፍ ናት።»

«ታማለች እንዴ?»

«የታመመው እጄ ነው፣ አንተ ባለጌ።»

ማላኪ ሣቁን ዋጠው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዲምፍና ቴምብሮቹ ያሉበትን ቆርቆሮ ልትከፍት ታገለች፣ አቃታት፣ ገፋ አደረገችለት። ክዳኑን ሲያነሣ ከቴምብሮቹ ሥር ስምንት ፖስታዎች ተደርድረው አየ። በሁሉም ላይ አንድ ስም ነው።

«እኔ ሳላውቅ ሌላ ፖስታ ቤት ተከፍቷል ማለት ነው?»

«ተዋቸው። እነሱ አይሄዱም።»

«ስም ተጽፎባቸዋል እኮ።»

«አይሄዱም አልኩህ።»

ማላኪ ቆርቆሮውን ዘግቶ ጣቶቹን ክዳኑ ላይ አሳረፈ። ዲምፍና የወደቀውን መቀስ ከወለሉ አነሣችና፣ «በእሷ በር ታልፋለህ፤ አይደል?» አለችው።

«በየቀኑ።»

«በሩ… ምን ይመስላል?»

«በር ነው የሚመስለው። አረንጓዴ ቀብታዋለች።»

«አረንጓዴ? መቼ?»

«ሁለት ዓመት ሆነው።»

«አረንጓዴ ትጠላ ነበር። እሷስ እንዴት ናት?»

«እሷማ እንደርስዎ ናት። ትሰድበኛለች።» ተነሥቶ ቦርሳውን አነገተ። «እኔ ተሸካሚ ነኝ፤ የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው። ነገ በአሥር ሰዓት አልፋለሁ።»

እሱ ከወጣ በኋላ ዲምፍና ስምንቱን ፖስታዎች አንድ በአንድ እየከፈተች አየቻቸው። አንዱ ላይ ጨረቃዋ እውነተኛ የዕንቁ ቁልፍ ናት። አንዱ ላይ ቤት አለ፤ መስኮቱ ሲከፈት ውስጡ ሁለት ልጆች ጠረጴዛ ሥር ተቀምጠዋል። የትኛውን ልላክ ብላ ብዙ አሰበች። ሁሉም እጅግ ያማሩ ሆኑባት። ያማረ ነገር ደግሞ ይኸው እዪኝ የሚል ይመስላል፤ አሁን ያንን አልፈለገችውም።

የሻይ ካርቶን አነሣች። በመቀስ መቁረጥ ስላልቻለች በእጇ ቀደደችው፤ ጠርዙ ውሻ ያኘከው መሰለ። ሁለት አጠፈችው። በላዩ ላይ ምንም አልለጠፈችበትም። እስክሪብቶውን በጡጫዋ እንደ ሕፃን ይዛ ውስጡ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ጨርቅ የለበትም። እጄ መቀስ መያዝ አቅቶታል። የእማዬ ሽርጥ ገና አለ።» ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። በሕይወቷ እጄ አቃተው ብላ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለአለቃ፣ ለሐኪም፣ ለአሳምፕታ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ።

በማግስቱ ማላኪ ፖስታውን ተቀበለ፤ ምንም አልቀለደም። ያ ነው ያስፈራት። በሦስተኛው ቀን በበሩ ሲያልፍ በመስኮት ጠራችው።

«ሰጠሃት?»

«ፖስተኛ አይሰጥም፤ በበር ቀዳዳ ይጨምራል።»

«የሰማኸው ነገርስ አለ?»

«ውሻ ጮኸብኝ።»

«ውሻ የላትም እኮ!»

«እንግዲያው እሷ ናታ።»

የሃሎዊን ዕለት ቀኑ በጊዜ መምሸት ጀመረ። አሥራ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሰማዩ እንደ እርሳስ ሆነ። ሕፃናቱ ገና አልወጡም፤ ከታች ከወንዙ በኩል አንድ ሰው ርችት ይሞክራል። ዲምፍና ብራኳን ከምድጃው አውጥታለች፤ ፖሙና ለውዙ በሳህን ተቀምጧል። ከሩቅ ላሉት ሴቶች የሚሄደው ካርድ እንዳለ እንዳለ ተልኳል፤ እዚሁ ዳገቱ ላይ ለሚኖሩት ለሁለቱ የሚሆነው ግን ገና አልተቆረጠም። ጠረጴዛው ላይ እራፊው፣ መቀሱ፣ የእማዬ ሽርጥ፣ ያቺ የታመመች የሌሊት ወፍ።

በሩ ተንኳኳ።

ደጃፉ ላይ የወንድ ካፖርት የለበሰ፣ ራሱ ላይ የትራስ ልብስ ያጠለቀ ሰው ቆሟል። ለዐይን ሁለት ቀዳዳ ብቻ አለው።

«ግባ፣ ግቢ፣ የሆንከውን ሁን» አለች ዲምፍና፤ እንዲህ ነው የሚባለው። እንግዳው ገብቶ ወለሉ መኻል ቆመ። «እስቲ ልይህ። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ነህ? አይደለህም፤ እሱ ሆዱ ነው ቀድሞት የሚገባው።»

የትራሱ ልብስ ራሱን ነቀነቀ።

«ማላኪ! ማላኪ ከሆንክ በሰላም ንገረኝ፤ ካርድህ አልደረሰም። አይደለህም? ማላኪማ እስካሁን አፉን ይዞ አይቆምም። እንግዲያው…»

ጠጋ ብላ አየችው። የዐይኖቹ ቀዳዳዎች ተዘምዝመዋል። ዙሪያቸውን በነጭ ክር፣ በጥቅጥቅ ስፌት፣ አንዱ ጥልፍ ከሌላው ፀጉር ሳይበልጥ፣ በሁለቱም ጫፍ ታስረዋል። ለአንድ ቀን ጭምብል የዐይኑን ቀዳዳ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ የሚዘመዝም ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ስሙ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ብትጠራው ጭምብሉ ይወልቃል፤ ሕጉ ነው። የተገለጠ ፊት ደግሞ አንድ ነገር መናገር አለበት። የመጨረሻው ጊዜ የተናገረውን ዲምፍና አልረሳችም። ስሙን ዋጠችው።

«ተሸነፍኩ» አለች። «አላወቅሁሽም። ተቀመጪ።»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው፤ ያላወቁትን ሰው እንዴት ሴት አድርጎ ተቀመጪ ይሉታል? የትራሱ ልብስ ከጉንጩ በኩል ሁለት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ያቺ ሣቅ ከሆነች ዘጠኝ ዓመት ሰምታት አታውቅም።

እንግዳዋ ተቀመጠች። ዲምፍና ብራኩን ቆርሳ ሰጠቻት። ወፍራም ጣት ቁራሹን ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ዳሰሰው፣ ገልብጦም ዳሰሰው።

«አትፈልጊ፤ የለበትም» አለች ዲምፍና። «ጨርቅ ከከተትኩበት ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቀለበት ብቻ ነው ያለው። እሱም የመጋረጃ ቀለበት ነው፤ ጥርስሽን ጠብቂ።»

ጣቱ ቆመ።

«እኅት አለችኝ» አለች ዲምፍና፣ ሙጫውን እያማሰለች፣ ቀና ሳትል። «አታውቂያትም፤ የዚህ ሰፈር ሰው አትመስዪኝም። ካርድ ላክሁላትና ተቀየመችኝ። ሱቋ እንደተዘጋ አላውቅም ነበር። በእማዬ አጥንት አላውቅም ነበር። እኔ ያንን ጨርቅ ሳየው የሚታየኝ እማዬ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ነው። እሷ ግን ስትሰደብበት የከረመችበትን ነው የምታየው። ልጅ ሆነን አብሬያት ነው ትምህርት ቤት የሄድኩት፤ ስድቡን በጆሮዬ እየሰማሁ። ሰምቼ ረሳሁት። የኔ ጥፋት ያ ነው፤ ካርዱ አይደለም።»

ውጭ ሕፃናት ከዳገቱ ግርጌ መጮኽ ጀመሩ። የእንግዳዋ እጅ ተዘረጋና የተንጋደደችውን የሌሊት ወፍ አነሣ። እንግዳዋ ወደ መብራቱ አስጠግታ በጠርዟ ላይ በአውራ ጣት ጥፍሯ ሄደችበት። ከትራሱ ልብስ ውስጥ አንድ የምላስ ድምፅ ወጣ፤ «ጭ!»

«ዐውቃለሁ» አለች ዲምፍና። «ጳጳስ ትመስላለች ተብያለሁ።»

እንግዳዋ መቀሱን አነሣች። ጥቁሩን ገበር ወስዳ ቆረጠች፤ ሁለት የሌሊት ወፎች፣ ከዚያ ሁለት የጠንቋይ ባርኔጣዎች፣ ከዚያ አንዲት ድመት ጅራቷ እንደ ጥያቄ ምልክት የቆመ። እየቆረጠች ወደ ዲምፍና ትገፋለች፤ ዲምፍና እየተቀበለች ካርቶኑ ላይ ትለጥፋለች። አንድም ቃል የለም። ሥራው ግን እጅ በእጅ፣ ልክ እንደ ፋብሪካው፣ አንዷ ስትጨርስ አንዷ ትጀምራለች። ዲምፍና ጣቶቿ ማመማቸውን የረሳች መሰላት።

ሁለቱ ካርዶች ሲያልቁ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ሽርጡ ነው። እንግዳዋ ከፊቷ ዘረጋችው። ከጫፉ መዳፍ የምታክለው ቁራጭ የጎደለችበትን ቦታ አገኘችውና በጣቷ ለካችው። ከጎኗ ሌላ ያንኑ የሚያህል ቀደደች፣ ሁለት አጠፈችው። ሳትለካ፣ ሳትስል፣ መቀሱን አንድ ጊዜ ብቻ አዙራ አወጣችው።

ስትዘረጋው ሁለት ጣረሞት ሆነ፤ ራሳቸውን ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያደረጉ፣ የጠፋቸውን የሚፈልጉ።

አንዱን ዲምፍና ፊት አስቀመጠች። ሌላውን ደረት ኪሷ ከተተችው። ከዚያ መቀሱን ወደ መብራቱ አንሥታ ስለቱን በአውራ ጣቷ ሞከረችው፤ ደንዟል። ራሷን ነቀነቀችና እሱንም ልትስለው ወደ ሌላው ኪሷ አስገባችው። የተረፈውን ብራክ በሌላ እጇ ይዛ ተነሣች፤ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ደኅና ሁኚም ሳትል ወጣች።